ሀዋሳ ስትሰፋ ቅያሶቿ ይገናኛሉ? የመንገድ ትስስር መለኪያና ማረሚያ

ቤት ይፈርሳል፣ ፎቅ ይተካዋል። የቅያስ መስመር ግን አንዴ በችካል ከተያዘና ግራና ቀኙ ካርታ ከተሰጠበት በኋላ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከተማ ሲሰፋ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ እንደተሠራ ይነገራል፤ የተሠራው መንገድ ከምን ጋር እንደተገናኘ የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። ኮብልስቶን ለብሶ መጨረሻው ግንብ አጥር የሆነ ቅያስ ለነዋሪው ከቤት መውጫ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ከግንቡ ጀርባ ቢሆንም ልጁ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ በዋናው አስፋልት በኩል ይደርሳል።

ሀዋሳ ለዚህ ቆጠራ በጣም የተመቸች ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር መሀሏ በቀጥታ መንገዶች ተቀይሷል። ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወርደውን ሰፊ መንገድ ይዞ ግራና ቀኝ ያሉትን ቅያሶች ያየ ሰው የጥንቱን እጅ ያውቀዋል። በምዕራብ ሐይቁ፣ በሰሜን የጥቁር ውኃ ረግረግ፣ በከተማው ጎን ታቦርና አላሙራ ተራሮች አሉ። ስለዚህ ከተማዋ የምትገፋው ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ፣ ወደ ቱላና የዲላን መንገድ ተከትሎ ነው። በዚያ አቅጣጫ አዲስ የሚሸነሸነው መሬት ትናንት የእንሰት ጓሮና የእግር መንገድ የነበረ ነው። የጥንቱ ቅየሳ፣ የኮንዶሚኒየምና የማኅበር ቤት፣ የገበሬ ጓሮና የጨረቃ ቤት በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ስላሉ አንዱን ዘመን ከሌላው ማወዳደር ይቻላል።

መሬቱንና ዘመኑን መለየት

የሚለካውን መሬት በአስተዳደር ወሰን አትያዙት። የሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ወሰን ሐይቁን የሚነካ፣ የገጠር ቀበሌዎችንም የሚያካትት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአስተዳደሩ ሕዝብ 258,808 ሲሆን ከተማ ውስጥ የሚኖረው 157,139 ነበር። አንዱን ቁጥር ከሌላው ወሰን ጋር ያጋጠመ ሰው ውጤቱ ከመጀመሪያው መስመር ይበላሽበታል። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ የኋለኞቹ ቁጥሮች ሁሉ ትንበያ ናቸው፤ የየትኛው ወሰን ትንበያ እንደሆኑ ሳታረጋግጡ አትጠቀሙባቸው።

የሚለካው በቤት የተያዘው መሬት ነው። የሐይቁን ውኃ፣ የተራራውን ገመገምና ረግረጉን ቀንሱ። ትልልቅ ግቢዎችን ደግሞ ሁለት ጊዜ አስሉ፤ አንዴ አውጥታችሁ፣ አንዴ አስገብታችሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ የያዘው መሬት 1.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን የሚያህል ግቢ እኩል ጎን ቢኖረው እያንዳንዱ ጎን 1.14 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአንዱ ጎን መሀል ተነሥቶ ፊት ለፊት ወዳለው ጎን መሀል መሄድ የፈለገ እግረኛ በዙሪያው 2.28 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ቀጥታው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ግቢውን ከሂሳብ አውጥቶ መተው ይህን ሸክም መደበቅ ነው።

ዘመን ለመለየት የሳተላይት ምስል በቂ ነው። በነፃ ከሚገኘው የዓለም የሰፈራ መረጃ እ.ኤ.አ. የ1975፣ የ1990፣ የ2000 እና የ2015 በቤት የተያዘ መሬት ይወሰድና ከተማው በቀለበት በቀለበት ይከፈላል። ከ2015 ወዲህ ላለው ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት በ10 ሜትር ዝርዝር ያሳያል። የቀድሞው ሳተላይት የላንድሳት ምስል ግን አንዱ ነጥቡ 30 ሜትር ስለሆነ የ8 ሜትር ቅያስ አይታይበትም፤ የከተማውን ጠርዝ ለማየት እንጂ መንገድ ለመቁጠር አትጠቀሙበት። ቅያሱን ለማየት የጉግል ኧርዝ የቀድሞ ምስሎች ይሻላሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የቤቱ ዘመን የመንገዱ ዘመን ላይሆን ይችላል። የዲላ መንገድ ግራና ቀኙ ቤት ከመሠራቱ በፊት የነበረ ነው። አገር አቋራጭ መንገዶችን ለብቻ አውጥታችሁ ዘመኑን በቅያሶቹ ወስኑ።

ከተማው ከሕዝቡ በላይ እየተዘረጋ መሆኑን የሚያሳየው ሂሳብ አጭር ነው። የመሬቱ ዓመታዊ ዕድገት አዲሱ ስፋት ሲቀነስ አሮጌው፣ ለአሮጌው ተካፍሎ፣ ለዓመታቱ ቁጥር ሲካፈል ነው። የሕዝቡ ደግሞ አዲሱ ቁጥር ለአሮጌው ተካፍሎ፣ የውጤቱ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ለዓመታቱ ሲካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል 20 ካሬ ኪሎ ሜትር በ10 ዓመት 32 ቢደርስ መሬቱ በዓመት 6 በመቶ አደገ። ሕዝቡ ከ200,000 ወደ 300,000 ቢደርስ ዕድገቱ 4.05 በመቶ ነው። የመሬቱ ዕድገት ለሕዝቡ ዕድገት ሲካፈል 1.48 ይወጣል፤ ከ1 ከበለጠ ለአንድ ሰው የሚውለው መሬት እየጨመረ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ይህ ቁጥር ግን ስለ ስፋት ብቻ ይናገራል። ሁለት ከተሞች እኩል ተዘርግተው አንዱ በእግር የሚኬድበት፣ ሌላው ያለ ባጃጅ የማይኬድበት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው መጋጠሚያዎቹ ሲቆጠሩ ነው።

የመንገድ ካርታውን ማጽዳት

መነሻው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው የበይነመረብ ካርታ፣ መሥሪያው ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ይሁን፤ ሁለቱም ክፍያ የላቸውም። ካርታውን መጀመሪያ ወደ ሜትር መለኪያ ቀይሩት። ሀዋሳ ዩቲኤም በተባለው የሜትር ካርታ ክፍፍል ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ስለሆነች የኢፒኤስጂ ቁጥሩ (የካርታ ማጣቀሻ ሥርዓት መለያው) 32637 ነው። ከማዘጋጃ ቤት የሚገኝ የመዋቅራዊ ፕላን ወይም የሽንሸና ፋይል ግን ብዙ ጊዜ አዲንዳን በተባለው የቆየ ማጣቀሻ ሥርዓት ነው የሚሠራው፤ የእሱ ቁጥር 20137 ነው። ሁለቱን ሳይቀይር የደራረበ ሰው መንገዱ ሁሉ ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራቶ ያገኘዋል። አንዳንዱ ደግሞ በእጁ ጎትቶ ያስተካክለዋል፤ ይህ በአንዱ ሰፈር ልክ ቢመጣ በሌላው ይዛባል። የየፋይሉን ማጣቀሻ ሥርዓት በትክክል መለየት ብቻ ነው መፍትሔው።

ቀጥሎ መስመሮቹ ይመረጣሉ። በግቢ ውስጥ ያሉ የፋብሪካ፣ የዩኒቨርሲቲና የሆቴል መንገዶች ለሕዝብ ስለማይከፈቱ ይውጡ። የእግር መንገዶች በተለየ ሌየር (የካርታ ንብርብር) ይቀመጡ፤ የመኪናና የባጃጅ ትስስር ለብቻ፣ የእግረኛ ትስስር ለብቻ መታየት አለበት። ከዚያ መስመሮቹ ሁሉ በመጋጠሚያቸው ላይ ይቆረጡ። በካርታ ላይ ተገናኝተው የሚታዩ ሁለት መስመሮች ነጥባቸው ሳይነካካ 1 ሜትር ተራርቀው የሚቀሩበት ጊዜ አለ፤ ሶፍትዌሩ ዝግ ቅያስ ብሎ ይቆጥራቸዋል። ይህን ለማረም የማገናኛ ርቀት 2 ሜትር ስጡት። 5 ሜትር ከሰጣችሁት ግንብ አጥር የለያያቸውን ሁለት ዝግ ቅያሶች ያገናኝላችኋል፤ ያኔ የምትፈልጉት ችግር ራሱ ከካርታው ይጠፋል።

ባለ ደሴት መንገዶች ሌላ ጉድለት ያመጣሉ። መሀሉ ላይ ዛፍና አበባ ያለበት መንገድ በካርታ ላይ ሁለት መስመር ስለሆነ አንዱን መስቀለኛ መንገድ ሁለት ወይም አራት መጋጠሚያ አድርጎ ያስቆጥራል። አደባባይም እንዲሁ ነው። በ20 ሜትር ውስጥ ያሉ ነጥቦችን ወደ አንድ ሰብስቡ፤ ለትልቅ አደባባይ በእጅ አርሙት። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ሰፊ መንገድ ያለበት ሰፈር ከአሮጌው ቅያስ የተሻለ ትስስር ያለው ይመስላል፤ እውነታው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው።

ቆጠራው

በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ስንት እግር፣ ማለትም ከነጥቡ የሚወጣ የመንገድ ቅርንጫፍ፣ እንደሚገናኝ ይቆጠራል። አንድ እግር ያለው ዝግ ቅያስ ነው። ሦስት እግር ያለው ቅያስ ከሌላ መንገድ ጎን የገባበት ነው፤ አራት መስቀለኛ ነው። ሁለት እግር ያለው ነጥብ መታጠፊያ እንጂ መጋጠሚያ ስላልሆነ አይቆጠርም። ከዚህ አራት ነገር ይወጣል፦ በካሬ ኪሎ ሜትር ያለው የመጋጠሚያ ብዛት፣ የዝግ ቅያስ ድርሻ፣ የእግሮች አማካይ፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ያለው የመንገድ ርዝመት።

በወረቀትም ይሠራል። 500 ሜትር በ500 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሣሉ፤ 0.25 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ውስጡ በ100 ሜትር ልዩነት አምስት መንገድ በአንድ አቅጣጫ፣ በ125 ሜትር ልዩነት አራት መንገድ በሌላው ይለፍ። 20 መስቀለኛ ይገኛል፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 80። የእግሮች አማካይ 4 ነው። ርዝመቱ 4.5 ኪሎ ሜትር፣ በካሬ ኪሎ ሜትር 18።

አሁን ያንኑ መሬት በማበጠሪያ ቅርጽ ቀይሱት። መሀሉን አንድ 500 ሜትር መንገድ ይለፍበት፤ በየጎኑ አራት አራት 200 ሜትር ቅያስ እየተፈራረቀ ይውጣ፤ ሁሉም መጨረሻው ግንብ ይሁን። ባለ ሦስት እግር መጋጠሚያ 8፣ ዝግ ጫፍ 8። በካሬ ኪሎ ሜትር 32 መጋጠሚያ ሆነ፤ ከነጥቦቹ ግማሹ ዝግ ነው፤ የእግሮች አማካይ 2 ወረደ፤ ርዝመቱ በካሬ ኪሎ ሜትር 8.4 ብቻ ነው። በአንድ ጎን ጎረቤት የሆኑ ሁለት ቅያሶች ጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች በ125 ሜትር ተራርቀው ለመገናኘት ግን 525 ሜትር ይኬዳል፤ ከአራት እጥፍ ይበልጣል። በቀጥታ በተቀየሰ ሰፈር ግን ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ሲለካ ጥምጥሙ ቢበዛ 1.41 እጥፍ ነው፤ በአማካይም 1.27 ገደማ። እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ የምትሄድበት መንገድ ስለሆነ ይህን ቁጥር ከሁሉ አስቀድሙ።

በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት ካርታውን መጀመሪያ ቆርጦ በኋላ መቁጠር ነው። ከላይ ያለውን የመጀመሪያ አራት ማዕዘን ከከተማው ቆርጣችሁ ብታወጡት ዘጠኙ መንገዶች በሁለቱም ጫፍ ስለሚቆረጡ 18 የውሸት ዝግ ቅያስ ይፈጠራል። አማካዩ ከ4 ወደ 2.58 ይወርዳል፤ ጥሩ ሰፈር መጥፎ ሆኖ ይታያል። እግሮቹን በከተማው ሙሉ ካርታ ላይ ቁጠሩ፤ ከዚያ ነጥቦቹን ብቻ በየቀለበቱ ክፈሉ።

የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም መንገድ ከከተማው መሬት ቢያንስ 30 በመቶ፣ በካሬ ኪሎ ሜትርም ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ይመክራል። በአገራችን ፕላንም 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 ለግንባታ የሚል መለኪያ ይሠራበታል። ሁለቱን ቁጥር አንድ ላይ አስሏቸው፦ 18 ኪሎ ሜትር 30 በመቶ እንዲይዝ አማካይ ስፋቱ 16.7 ሜትር መሆን አለበት። ስለዚህ 30 በመቶው ሞላ ተብሎ ሪፖርት ሲቀርብ በምን እንደሞላ ጠይቁ። ሁለት ባለ 40 ሜትር አውራ መንገድና ጥቂት ዝግ ቅያስ የያዘ ፕላን በመቶኛው ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ሰው የሚመላለስበት ቅያስ ግን የለውም።

ከዚህ በኋላ የመስክ ማረጋገጫ ይቀራል። በየቀለበቱ 30 መጋጠሚያና 30 ዝግ ጫፍ በዕጣ ምረጡና በእግር ሂዱ፤ ኪውፊልድ የተባለው መተግበሪያ በስልክ ላይ ለመመዝገብ ይበቃል። በየነጥቡ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ባጃጅ ያልፋል? ሳይክል ያልፋል? እግረኛ ብቻ ነው? ቦዩ ላይ ክዳን ወይም ድልድይ አለው? በክረምትስ? የሰፈሩ ሰው ማታ የሚዘጋው የብረት በር አለው? ለመጨረሻው ሲባል አንዱን ጉዞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አድርጉት። በሳተላይት ክፍት የሚመስል፣ በቀን ክፍት የሆነ፣ ማታ ግን ዝግ የሆነ ቅያስ ለታመመ ሰውና ለወላድ ዝግ ነው። ክዳን የሌለው ቦይም በካርታ ላይ አይታይም፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በሚያልፍባቸው ሰፈሮች ግን ከግንብ ባልተናነሰ ሰፈር ይለያያል።

ችካል ከመመታቱ በፊት

ቆጠራው ዋጋ የሚኖረው ለቀጣዩ ሽንሸና ሲውል ነው። በአሜሪካ ከተሞች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አዲስ የሚሠሩ መንገዶች ትስስር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሙሉ እየወረደ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው መታጠፍ የጀመረው። አዲሱ ሲሻሻልም የተሠራው ግን እንዳለ ቀረ። እኛ አሁን በየዳርቻው የምንቀይሰው እንደዚያው ሆኖ የሚቀር ነው።

ዝግ ቅያስ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት «መሬት ይቆጥባል» የሚለው እምነት ነው። በትክክል ስንት ይቆጥባል? ቦታው 10 በ20፣ ማለትም 200 ካሬ ሜትር ይሁን። ጀርባ ለጀርባ ሲደረደር የብሎኩ ጥልቀት 40 ሜትር ነው። በየጎኑ 12 ቦታ ብትደረድሩ ብሎኩ 120 በ40 ይሆናል፤ 24 ቦታ። ዙሪያውን 10 ሜትር መንገድ ብትሰጡት የአንዱ ብሎክ ድርሻ 130 በ50፣ 6,500 ካሬ ሜትር ነው። መንገዱ 26 በመቶ ይወስዳል፤ ለአንድ ቦታ 271 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 154 መጋጠሚያ ይገኛል።

ብሎኩን ወደ 200 ሜትር አስረዝሙት፤ በየጎኑ 20፣ በጠቅላላ 40 ቦታ። ድርሻው 210 በ50፣ 10,500 ካሬ ሜትር፤ መንገዱ 24 በመቶ፤ ለአንድ ቦታ 262.5፤ መጋጠሚያው 95። መስቀለኛ ቅያሶችን በማስወገድ የተቆጠበው ለአንድ ቦታ 8 ካሬ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ የአንዲት ጠባብ ክፍል ወለል ነው። በምትኩ ከመጋጠሚያዎቹ ከሦስት አንድ በላይ ጠፋ።

ረዥሙ ብሎክ የግድ ከሆነ መሀሉን በ4 ሜትር የእግር መንገድ ሰንጥቁት። ድርሻው 214 በ50 ይሆናል፤ ለአንድ ቦታ የሚጨምረው 5 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። የእግር መንገዱ ግን በፕላኑ ላይ ቁጥር ያለው የሕዝብ መንገድ ተብሎ ይመዝገብ። «ክፍት ቦታ» ተብሎ የታለፈ 4 ሜትር በሁለት ዓመት ውስጥ የአንዱ ጎረቤት ጓሮ ይሆናል። ፊቱን ወደ እሱ የሚያዞር በር ያለው ቤት ቢያንስ አንድ ይኑር፤ በሁለት ግንብ መሀል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ ማታ ሴቶች አይሄዱበትም።

የአካባቢ ልማት ፕላን ረቂቅ እጃችሁ ሲገባ ከውስጡ በፊት ጠርዙን እዩ። ፕላኖች በየጣቢያው ለየብቻ ስለሚዘጋጁ መንገዶቻቸው ጠርዝ ላይ ሳይገጣጠሙ ይቀራሉ፤ የአንዱ ቅያስ ከሌላው በ15 ሜትር ይዛነፋል፣ ወይም በመሀላቸው ቀጭን ትርፍ መሬት ይቀራል። ያ ትርፍ ሲሸነሸንና ካርታ ሲወጣለት ሁለቱ ሰፈሮች ለዘለቄታው ይለያያሉ። የጎረቤቱን ፕላን በአንድ ማጣቀሻ ሥርዓት ደርቡና በየጠርዙ ቢያንስ በየ150 ሜትሩ አንድ መገናኛ ፈልጉ። ጎረቤቱ ገና ማሳ ከሆነ መንገዱ እስከ ጠርዙ ይድረስና ጫፉ ክፍት ይሁን፤ ፊት ለፊቱ ላይ ቦታ አይሰጥ፤ ችካሉም ከወሰን ችካል እኩል ኮንክሪት ይሁን። «ወደፊት የሚቀጥል መንገድ» የሚል ሰሌዳ እዚያው መትከል ርካሽ ነው፤ ኋላ መንገዱ ሲከፈት «ሰፈራችንን አውራ መንገድ አደረጋችሁት» የሚለውን ቅሬታም ይቀንሳል።

በገበሬ ጓሮ ላይ ሲቀየስ ነባሩን የእግር መንገድ አታጥፉት። ወደ ውኃ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ ቀጥታውን ሰው በእግሩ ያወጣው ነው። መጀመሪያ በጂፒኤስ ልቀሙትና ሽንሸናውን በእሱ ላይ አስተኙት። ሽንሸናው ሳይደርስ ሰው ቀድሞ በሰፈረበት ደግሞ ሁሉንም ቅያስ ማስከበር ስለማይቻል ቢያንስ በየ400 ሜትሩ የሚያልፈውን ሰብሳቢ መንገድ አስቀድማችሁ በችካልና በጠጠር ያዙ። ጠጠር የፈሰሰበትን መስመር ሰው አጥር አያደርግበትም፤ በወረቀት ብቻ ያለውን ግን ያደርግበታል።

ነባሩን ሰፈር መክፈት

ለተሠራ ሰፈር ሁሉንም ዝግ ቅያስ መክፈት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ከ60 ሜትር ያነሰ ዝግ ቅያስ ጥቂት ቤቶችን ብቻ ስለሚያገለግል ይቆይ። የሚፈለገው ጫፍ ለጫፍ ከ40 ሜትር በታች የተራራቁ፣ በመንገድ ግን ከ400 ሜትር በላይ የሚያስኬዱ ዝግ ቅያሶች ጥንድ ነው። በኪውጂአይኤስ በዝግ ጫፎች መካከል ያለውን ቀጥታ ርቀትና የመንገድ ርቀት አውጥታችሁ ሁለተኛውን ለአንደኛው አካፍሉና ከትልቁ ጀምሮ ደርድሩ። ለእያንዳንዱ ጥንድ በ500 ሜትር ውስጥ ያሉ ቤቶችንና ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ገበያ መኖሩን ጨምሩ። ከዝርዝሩ አናት ያሉት አሥሩ ብዙውን ጊዜ የሰፈሩን ትልቁን ሕመም ይዘዋል።

ከዚያ ምን እንደሚዘጋው በመስክ ይለያል። ቦይ ከሆነ የኮንክሪት ክዳን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በዚህ ጀምሩ፤ ካሳ የለውም፣ ከክረምት መግቢያ በፊትም ያልቃል። የመንግሥት ግቢ አጥር ከሆነ ከአንድ ጥግ 3 ሜትር ማስጠጋት ላይ መደራደር ይቻላል። የግለሰብ ቦታ ከሆነ ከወሰኑ ጎን 3 ሜትር ብቻ መውሰድ መሀሉን ከመቁረጥ ይሻላል፤ ካሳውም ግንባታ ሳይነካ ይቀላል። ስፋቱ ለሳይክልና ለእግረኛ እንጂ ለመኪና እንዳይሆን በመግቢያው ላይ ሁለት ምሰሶ በ1.2 ሜትር ልዩነት ትከሉ። ሀዋሳ ሜዳማ ስለሆነች በሳይክል የሚሄደው ብዙ ነው፤ ባጃጁ ግን አያልፍም፤ የሰፈሩ ሰው መንገድ መክፈትን የሚፈራው በዋናነት ባጃጅና መኪና ይበዛብኛል ብሎ ስለሆነ ይህ ምሰሶ ስብሰባውን ያቀለዋል።

ከተከፈተ በኋላ በሦስተኛው ወር ያንኑ መገናኛ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ቁጠሩት፤ እግረኛ፣ ተማሪ፣ ሳይክል ለየብቻ። ቁጥሩን በሰፈሩ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ቀጣዩን ዝግ ቅያስ ለመክፈት የምትጠሩት ስብሰባ የሚጀምረው ከእሱ ነው።